ደም አለው የተባለው ባቄላ

ሰኔ 26

መብራት ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ። ባክቴሪያዎቹን ከፍሪጅ አውጥቼ መስኮት ላይ ደረደርኳቸው። መስኮቱ ከፍሪጁ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። በዚህ በመንዝ ብርድ፣ ቀየት ላይ ፍሪጅ ለምን እንደተገዛልን እስካሁን አልገባኝም…

ዛሬ ዱቄቱን አደልን። አደልን ማለቴ… ለአንድ ሰው ሰጠን። የሙከራው ማሳ የእትዬ የትምወርቅ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህች ባለ ሁለት ክፍል ቤተ ሙከራ ያረባሁት ባክቴሪያ ሦስት ፓኬት ሆኖ በነጠላቸው ጫፍ ታስሮ ሄደ። ጥቁር ዱቄት ነው፤ የከሰል ደቃቅ ይመስላል። ከባቄላ ዘር ጋር ሲዘራ ሥሩ ውስጥ ይገባና ከአየር ናይትሮጅን እየያዘ ተክሉን ይቀልባል። ማዳበሪያ መግዛት ቀረ ማለት ነው። ከሠራ።

እትዬ የትምወርቅ ሃምሳ አምስት ቢሆናቸው ነው። ባላቸው አቶ ውባየሁ ባለፈው ኅዳር አረፉ። ዘንድሮ የወንድማቸው ልጅ ያርስላቸዋል፤ የሚዘሩት ግን ራሳቸው ናቸው።

ፓኬቱን አገላብጠው አዩት።

«ይነክሳል?»

«አይነክስም እትዬ።»

«ሕይወት አለው አላልሽኝም?»

«አለው። ግን በዓይን አይታይም።»

«የማይታይ ከሆነ አለመናከሱን በምን አወቅሽ?»

ግማሽ ኪሎ ስኳርም ሰጠኋቸው። ስኳሩን በውሃ በጥብጠው ዘሩን ያርሱበታል፣ ከዚያ ዱቄቱን ይነሰንሱበታል። ግራው ማሳ በዱቄት፣ ቀኙ ያለ ዱቄት። ሦስት ጊዜ አስደገምኳቸው። እንደ ውዳሴ ማርያም ወጣላቸው።

ከሰዓት ሪፖርት። አለቃዬ አቶ ተክለጻድቅ ቅጹን ይዘው መጡ። «የተጠቃሚ ብዛት» የሚል ሣጥን አለው። አንድ ብዬ ልጻፍ? «አንድ ተብሎ እንዴት ይላካል?» አሉ። «ፓኬቱ ውስጥ ስንት አሉ?» በግራም አንድ ቢሊዮን፤ ሦስቱ ፓኬት ሦስት መቶ ሰባ አምስት ግራም። «እሱን ጻፊ።» ጻፍኩ። 375,000,000,000።

ክፉ ሰው አይደሉም። ባዶ ሣጥን ሲያዩ ነው የሚያማቸው።

ሐምሌ 3

ሁለት ሰዓት በጭቃ ሄጄ እትዬ የትምወርቅ ማሳ ደረስኩ። ሲዘሩ ቆሜ ማየት ነበረብኝ። ስደርስ ተዘርቶ አልቋል።

«ዝናቡ ሳይቀድመኝ ብዬ ትናንት ጨረስኩት ልጄ።»

«ግራው በዱቄት ነው አይደል?»

«ግራውን ደህና አድርጌዋለሁ።»

አየሁት። ግራው ላይ ጥቁር ጥቁር ነገር ተበትኗል። ዱቄቱ ከዘሩ ላይ ተራግፎ መሰለኝ። ቅጹ ላይ «ተከናውኗል፤ በአካል ክትትል ተደርጓል» ብዬ ሞላሁ። በአካል መገኘቴ እውነት ነው… አንድ ቀን ዘግይቼ።

ነሐሴ 9

ከላይ ደብዳቤ መጣ። የላክነው ሦስት መቶ ሰባ አምስት ቢሊዮን ተጠቃሚ በጾታ አልተለየም።

«ጾታ የላቸውም» አልኳቸው አቶ ተክለጻድቅን። «ለሁለት እየተከፈሉ ነው የሚራቡት።»

«እኮ። አንቺም ለሁለት ክፈያቸዋ።»

ከፈልኩ። ትንሽ አሰቡና «ሴቶቹን በጥቂቱ ከፍ አድርጊያቸው» አሉ። ሁለት ቢሊዮን ወንድ ወደ ሴት አዛወርኩ። ዓለም ከተማ ያለው አባቴ እህል ሸጦ ያስተማረኝ ለዚህ ነው?

መስከረም 12

ለካሁ። ግራው 112 ሳንቲ ሜትር። ቀኙ 94።

ደግሜ ለካሁ። ያው ነው። ግራው ጥቁር አረንጓዴ፣ ቀኙ ወደ ቢጫ የሚያደላ። ማሳው መሃል ቁጭ አልኩ። የምስቅ መስሎኝ ነበር… አለቀስኩ። ሠርቷል። እዚህ ብርድ ውስጥ፣ በረጠበ ክብሪት፣ በጠፋ መብራት ያረባኋቸው ነገሮች ሠሩ።

እትዬ የትምወርቅ አጠገቤ መጥተው ቆሙ። «ለባቄላ ይለቀሳል?» አሉኝ። ፊታቸው ግን ደስ ያለው አልነበረም። ድካም ነው ብዬ አለፍኩት።

መስከረም 20

ረቡዕ። የመስክ ቀን ነበር። ባይኖር ይሻል ነበር።

ከወረዳ የግብርና ኃላፊው ጌጡ መጣ፤ ድምፅ ማጉያ ይዞ። ሰማንያ ያህል ገበሬ ተሰበሰበ። ጌጡ ስለ ዕቅዱ ተናገረ፣ ቀጥሎ ስለ ዕቅዱ አፈጻጸም፣ ከዚያ እትዬ የትምወርቅን ጠርቶ ሰርተፊኬት ሰጣቸው። «ባክቴሪያን በማሰማራት ግንባር ቀደም አርሶ አደር» ይላል። በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። አልሳቁም።

ተራው የእኔ ሆነ። አንድ ባቄላ ከነሥሩ ነቀልኩ። ሥሩ ላይ ያሉትን ትናንሽ እባጮች አሳየኋቸው። ሥሩን ከደረቀ በኋላ ብቻ ስለሚያዩት ብዙዎቹ አስተውለውት አያውቁም። አንዱ «ኪንታሮት ነው» አለ፤ ስሙ ኪንታሮት ሆኖ ቀረ። አንዷን በጥፍሬ ሰነጠቅኳት። ውስጧ ቀይ።

«ቀይ ከሆነ እየሠራ ነው ማለት ነው» አልኩ። «ይሄ ቀይ ነገር ከደማችን ጋር ይዛመዳል። ብረት አለው። አየር ይይዛል፣ እንደ ደም።»

ለምን አልኩ? መጽሐፍ ላይ ያለ ዓረፍተ ነገር ነው። ሁልጊዜ ደስ ይለኝ ነበር…

ሰው ሁሉ ከጠዋት ጀምሮ የማሳውን እሸት እየበላ ነው። ፊት ለፊቴ የተቀመጡ ሽማግሌ፣ አባባ ገብረየሱስ፣ ማኘካቸውን አቆሙ።

«ደም ነው ያልሽው?»

«እንደ ደም ያለ…»

«ቅድም ደግሞ ሕይወት ያላቸው ናቸው ብለሻል። ይበላሉ፣ ይራባሉ።»

«አዎ፣ ግን…»

«ዛሬ ረቡዕ ነው» አሉ።

ያኘኩትን መዳፋቸው ላይ ተፉት። አዩት። ከድንጋይ ሥር አስቀመጡት፣ በአክብሮት፣ የሞተ ነገር እንደሚቀበር። ሰማንያ ሰው መትፋት ጀመረ። ጌጡ ማጉያውን አንስቶ «የተነሳው ጥያቄ በሂደት ይመለሳል» አለ።

መስከረም 22

ዓርብ። የቤት አከራዬ ሽሮ አልሠራችም። «ምስር አለ» አለችኝ። ዓይኔን አላየችኝም።

ጥቅምት 2

ገበያ ወጣሁ። ባቄላ ሻጮቹ ሁሉ አንድ ጥያቄ ነው የሚጠየቁት፤ «የተከተበ ነው ያልተከተበ?» ሁሉም ያልተከተበ ነው ይላሉ። የሦስት ፓኬት ዱቄት ወሬ ከመንዝ አልፎ ግሼ ደርሷል ይባላል።

ምሳ ቤቱ በር ላይ በካርቶን ተጽፎ ተሰቅሏል፤ «ደም የሌለው ሽሮ አለ»። ገብቼ በላሁ። ምን ላድርግ? ርቦኛል። አስተናጋጁ አወቀኝና ሂሳቡን ቀድሞ ተቀበለኝ።

ጥቅምት 7

ነገሩ ተገለበጠ። አንድ ሰው ሚስቱ ወልዳበት፣ የሚያርድላት አጥቶ፣ እትዬ የትምወርቅ ዘንድ ሄዶ «የዚያን ደም ያለበትን ስጡኝ» ብሎ አንድ እንቅብ እሸት ወሰደ። ፍስክ ከሆነ ሥጋ ነው፤ ሥጋ ከሆነ ያጠነክራል። ሴትየዋ በሦስተኛው ቀን ተነስታ ውሃ ቀዳች አሉ። ከዚያ ወዲህ ሳንባ የሚያመውም፣ ሰውነቱ የቀለለውም እሳቸው ደጅ ነው።

ዛሬ ሥጋ ቤቱ ለወረዳ አመልክቷል። ወይዘሮ የትምወርቅ ያለ ፈቃድ ሥጋ እየሸጡ ነው ይላል።

አመልካቹ አልቀለደም። ማመልከቻውን አይቼዋለሁ፤ አራት ምስክር ቆጥሯል።

ጥቅምት 11

ጌጡ ቤተ ሙከራ መጣ። አቶ ተክለጻድቅ ወንበራቸውን ለቀቁለት።

«አጭር ደብዳቤ ነው የምፈልገው» አለኝ። «ባክቴሪያ እንስሳ አለመሆኑን የሚገልጽ። በማኅተም።»

ጻፍኩ፤ ባክቴሪያ እንስሳም ተክልም አይደለም፣ በራሱ የቆመ ወገን ነው ብዬ። አነበበው።

«ይሄ አይሆንም። አይደለም፣ አይደለም ብለሽ ሁለቱንም ካድሽ። ሕዝቡ ምን ይያዝ? አንዱን ምረጪ።»

«የሚመረጥ ነገር አይደለም…»

«ተክል በይው።»

አቶ ተክለጻድቅ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። «ተክል ካልነው ችግር አለ» አሉ። «በተጠቃሚነት፣ በጾታ ለይተን ልከናል። ተክል ተጠቃሚ አይሆንም።»

ጌጡ ወረቀቱን መልሶ ሰጠኝ። ከዚያ ደብዳቤው እንዲዘገይ ተስማማን። ሲወጣ በር ላይ ቆም ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ፤ «እውነቱን ንገሪኝ እስቲ… እናቴ ሽሮ ትብላ?»

«ትብላ» አልኩት።

ጥቅምት 19

የኔታ መልከ ጼዴቅ መጡ። የደብሩ የቅኔ መምህር ናቸው። ሰማንያ ሳይሞላቸው አይቀርም፤ ዳገቱን በእግራቸው ነው የወጡት። ከሁሉ የፈራሁት እሳቸውን ነበር። ተነስቼ እጃቸውን ሳምኩ።

«አሳዪኝ» አሉ።

ማይክሮስኮፑ በመስታወት ነው የሚሠራው፤ ፀሐይ ካለች መብራት አያስፈልገውም። መስኮት አጠገብ አስቀመጥኩላቸው። መነጽራቸውን አውልቀው፣ መልሰው አድርገው፣ ደግሞ አውልቀው አጎነበሱ። አልተነሱም። አሥር ደቂቃ ሆነ…

«እንደ ተሰበረ ክር ያሉት ናቸው?»

«እነሱ ናቸው የኔታ።»

«ቀይ ናቸው።»

«እኔ ነኝ የቀባኋቸው። ካልተቀቡ አይታዩም።»

ቀና አሉ። «ሰው ሁሉ ደም ደም በሚልበት ጊዜ ቀይ ቀባሻቸው?»

«ሰማያዊው ቀለም አልቆብኝ ነው።»

ጥቂት አዩኝ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ያመማቸው መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቁ ነው ለካ።

ከዚያ ከጋቢያቸው ሥር አንድ የባቄላ እግር አወጡ፤ ከነሥሩ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ። «ከጓሮዬ ነው። ዱቄትሽ አልደረሰውም።» በጥፍራቸው ኪንታሮቱን ሰነጠቁ። ቀይ ነው። ሌላ ሰነጠቁ፤ አርጅቶ አረንጓዴ ሆኗል። ደግሞ ሌላ፤ ቀይ።

አንድም ሰው፣ እኔም ጭምር፣ ይህን አላደረገም። ዱቄት ያልነካውን ነቅሎ ማየት።

«ስለዚህ» አሉ፣ «ወይ ከአባቶቻችን ጀምሮ ፍስክ ስንበላ ኖረናል፤ ወይ ዛሬም ጾም ነው።»

«ጾም ነው የኔታ። የምንበላው ፍሬውን ነው። እነሱ ያሉት ሥሩ ውስጥ ነው፤ ወደ ፍሬው አይወጡም። በየአፈሩ ዱሮም አሉ። እኔ ጠንከር ያሉትን መርጬ ነው የጨመርኩት።»

«ይህን ያን ዕለት ለምን አልተናገርሽም?»

«ስለ ሥሩ ብቻ ነበር የማስበው…»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «አሁን ብናገረው ነገ ባቄላ የሚበላ አይገኝም። ሁሉም ባቄላ ደም አለው ነው የሚሉት። የነቢያት ጾም ሃያ ስድስት ቀን ቀርቶታል፤ ምን ሊበሉ ነው? ቀስ ብዬ አስተምራቸዋለሁ። ልጆቹን አስቀድሜ።»

ሲወጡ ማይክሮስኮፑን ዞር ብለው አዩት። «ስንት ዘመን ከእኛ ጋር ኖረው አሁን መተዋወቃችን» አሉ።

ኅዳር 13

እሑድ። እትዬ የትምወርቅ ቤቴ ድረስ መጡ። በመንገዱ ርቀት ሳይሆን በሌላ ነገር ነው የደከሙት። ቁጭ በሉ ብዬ ለመንኳቸው።

የባላቸው የሙት ዓመት ተዝካር ኅዳር 21 ነው። በጾሙ ውስጥ ይውላል። አሥራ ሁለት ካህን፣ ከዚያ ላይ የአገሩ ሰው። ጎተራቸው ባቄላ ብቻ ነው። የባቄላው ስልጆ ዛሬ ካልተጀመረ ለዕለቱ አይደርስም። ካህናቱም ጎረቤቱም ከእሳቸው ቤት አንበላም ብለዋል።

«ምስር እንሥራ እትዬ። እኔ እገዛለሁ።»

«ድስቱን ነክቶታል ይላሉ።»

ከዚያ ነጠላቸውን ፈቱና የሆነ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ።

ሦስት ፓኬት። እንደታሸገ። ቁጥሩ በእጄ ጽሑፍ።

አየኋቸው።

«አልዘራሁትም ልጄ» አሉ። «ስኳሩን ግን በሻይ ጠጥቼዋለሁ፤ ለእሱ ይቅር በይኝ።»

«ለምን እትዬ?»

«የባሌ ተዝካር ያለው እዚያ ማሳ ላይ ነው። በማላውቀው ነገር ላይ እንዴት ልጣለው? አንቺ ደግሞ ደክመሽ መጥተሽ፣ አስረድተሽ፣ ስኳር ሰጥተሽ… ፊትሽ ቆሜ እንቢ ማለት ከበደኝ። በጥላ አስቀምጪው ስላልሽ በጥላ አስቀመጥኩት።»

«ሰው ደም ደም ሲል ለምን ዝም አሉ?»

«ሰርተፊኬት ሰጡኝ። ተቀበልኩ። አልዘራሁም ብል መንግሥትን ዋሽታለች ነው፤ ዘርቻለሁ ብል ካህናቱን ፍስክ አበላች ነው። አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ የትኛው ይሻላል?»

የተማርኩ ነኝ። እንጃ አልኳቸው። ብቻ ስልጆውን ይጀምሩ አልኳቸው።

ሁለት ዓመቴ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሳይከፈት።

ኅዳር 14

ለአቶ ተክለጻድቅ ነገርኳቸው። ፓኬቶቹን አሳየኋቸው። መጀመሪያ አልገባቸውም።

«ታዲያ ያ ሁሉ ቢሊዮን የት ነው?»

«እዚሁ ውስጥ ነው።»

«በሕይወት?»

«አብዛኞቹ ሳይሞቱ አይቀሩም።»

ቁጭ አሉ። «ቅጹ ላይ ሞት የሚል ሣጥን የለም እኮ» አሉ፣ ከልባቸው ተጨንቀው።

ለሕዝብ ልናገር ነው አልኳቸው። መስኮቱን አዩ። ሙከራው ይሰረዛል፣ እኔ እቀጣለሁ፣ እሳቸው ይገመገማሉ። ሁለታችንም እናውቀዋለን። አሥራ ስድስት ዓመት አገልግለዋል፣ ጡረታቸው ቅርብ ነው።

«አባቴ ተዝካር ሳይወጣለት ነው የቀረው» አሉ በመጨረሻ። «በሥራ ሰዓት ብቻ አታድርጊው።»

ኅዳር 16

የኔታ ዘንድ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። አንድ ነገር ግን እየከነከነኝ ነው አልኩ። ዱቄቱ አልተዘራም ብል ሰው ይረጋጋል፣ ግን የሚረጋጋው በተሳሳተ ምክንያት ነው። የእሳቸውም ባቄላ፣ የሁሉም ባቄላ ሥሩ ቀይ ነው።

«አልዘራችም የሚለው ውሸት ነው?» አሉኝ።

«እውነት ነው።»

«እንግዲያው እሱን ተናገሪ። ይህች ሴት ባሏን ትዘክር። የቀረው የእኔ ሥራ ነው፤ ሰው ለማስተማር ሌላ ሥራ የለኝም።»

ኅዳር 20

ቅዳሴ እንዳለቀ የኔታ ሕዝቡን «ቆዩ» አሉ። ግቢው ሙሉ ነው። ጌጡም አለ፣ ነጠላ ለብሶ፤ ማጉያ አልያዘም።

ሦስቱን ፓኬት ከፍ አድርጌ አሳየሁ። ይሄ ነው ዱቄቱ፣ አልተከፈተም፣ እትዬ የትምወርቅ አልዘሩትም አልኩ። ሲዘራ ቆሜ ሳላይ አይቻለሁ ብዬ የሞላሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ። ድምፄ አልተሰማ ኖሮ ከኋላ ያሉት «ምን አለች?» ተባባሉ። ደግሜ ተናገርኩ። ጥፋትን ሁለት ጊዜ መናዘዝ…

አባባ ገብረየሱስ ተነሱ። «ስለዚህ ያን ረቡዕ የበላሁት…»

«ጾም ነው አባባ።»

«በየቀኑ አርባ ስሰግድ ነው የከረምኩት። ስግደቱስ?»

የኔታ መለሱላቸው። «ለሌላው ኃጢአትህ ይያዝልሃል።»

ሰው ሳቀ። ከሁለት ወር ወዲህ ባቄላን በተመለከተ ሰው ሲስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። የሚስቱ አራስነት ያስጨነቀው ሰውዬ ብቻ አልሳቀም። «ሥጋ ነው ብዬ ነው ያበላኋት» አለ። ተሽሏት የለም ወይ ቢሉት፣ «ተሽሏታል» አለ፣ እንደተታለለ ሰው።

እትዬ የትምወርቅ ሰርተፊኬቱን አምጥተው ለጌጡ ዘረጉለት። ጌጡ አገላብጦ አየውና «ወጪ የተደረገ ሰርተፊኬት አይመለስም፤ ገቢ የሚሆንበት ደረሰኝ የለንም» አለ። ይዘውት ሄዱ።

ኅዳር 21

ተዝካሩ ወጣ። ድንኳኑ ሞላ። ካህናቱ ጸሎቱን አድርሰው ተቀመጡ። ስልጆው ቀረበ፤ እጅ የሚዘረጋ ጠፋ። ሁሉም የኔታን ያያል። የኔታ እንጀራውን ቆርሰው ጠቀሱ፣ ጎረሱ፣ «ሰናፍጩ በረታ» አሉ።

ከዚያ ሁሉም በላ።

እትዬ የትምወርቅ ማጀት ገብተው ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩ። እጄን ያዙኝ፤ እጃቸው ሰናፍጭ ሰናፍጭ ይላል።

ታኅሣሥ 6

ደብዳቤ ደረሰኝ። ቃል በቃል እገለብጠዋለሁ፤ «ሙከራው ባለመካሄዱ በተያዘለት ጊዜ ተጠናቋል።» አፈጻጸሙ መቶ በመቶ ነው። አቶ ተክለጻድቅ ተመሰገኑ። እኔ ከየካቲት 1 ጀምሮ ግሼ ራቤል፣ ችግኝ ጣቢያ። ቅጣት ነው አይሉትም፤ «የተሻለ ልምድ» ይሉታል።

አልከፋኝም ብል ውሸት ነው። ዕቃዬን ሳስተካክል የልኬቱ ደብተር ወደቀ። 112 እና 94።

ዱቄት ካልተዘራ ይህ ከየት መጣ?

ታኅሣሥ 11

እትዬ የትምወርቅ ዘንድ ሄድኩ። ቅጽ አልያዝኩም። ባዶ እጄን ሲያዩኝ ግር አላቸው።

«እትዬ፣ ግራው ማሳ ላይ ምን አደረጉ?»

«ምንም።»

«ያን ጊዜ ጥቁር ነገር አይቻለሁ። ደህና አድርጌዋለሁ ብለውኛል።»

«እሱማ የውባየሁ ነገር ነው» አሉ። እንደ ተራ ነገር። «ያ ማሳ ባቄላ አያውቅም፤ ገብስ ነው የኖረበት። ውባየሁ አዲስ መሬት ላይ ባቄላ ሲዘራ ከታች ካለው ከዱሮው የባቄላ ማሳ አንድ ቁና አፈር ይዞ ይወጣና ይበትንበት ነበር። አባቱም እንዲሁ ያደርግ ነበር። ምን ያደርጋል ብዬ ስጠይቀው እንጃ ይለኛል። ዘንድሮ እሱ ስለሌለ እኔ አደረግኩት።»

«ቀኙስ?»

«ከግራ ጀመርኩ። ግራው ላይ አለቀብኝ። ደግሜ ልውረድ ብል ዝናቡ መጣ።»

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ግራው አፈር አለው፣ ቀኙ የለውም። ሙከራው ተካሂዷል። ሳንነግራቸው፣ ሳናውቀው፣ ከእኛ በተሻለ ሥርዓት… አቶ ውባየሁ ባክቴሪያ የሚል ቃል ሳይሰሙ ዕድሜ ልካቸውን ባክቴሪያ ሲያዛውሩ ኖረዋል። ከዱሮ ማሳ ወደ አዲስ ማሳ፣ በቁና።

ለእትዬ የትምወርቅ ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ዕድሜ ልኬን አፈር ሲሸከም ስቄበታለሁ» አሉ። ወደ ታችኛው ማሳ አዩ። «ቢነግረኝ ምናለ… እሱስ መች አወቀው።»

አካፋ አምጥተው አብረን ወረድን።

ጥር 16

አምስት ሳምንት ሆነ። በተቀቀለ አሸዋ ኩባያ ውስጥ ባቄላ ተክዬ ነበር፤ ግማሾቹ ላይ ከዚያ አፈር አንድ ማንኪያ ጨምሬ። ዛሬ ነቀልኳቸው። አፈር ያላገኙት ሥራቸው ባዶ ነው። ያገኙት ላይ ኪንታሮቱ ትልልቅ፣ ጥቅጥቅ ያለ። ሰነጠቅኩ። ቀይ። እኔ ሁለት ዓመት ካረባሁት ይበልጣል። ብዙ ይበልጣል።

ለየኋቸው፤ እንዲራቡ የመስታወት ሳህን ላይ ዘራኋቸው። የቤተ ሙከራው መዝገብ ላይ አስገባኋቸው። «ሰብሳቢ» በሚለው ቦታ ላይ ብዕሬን ይዤ ቆየሁ። ከዚያ «አቶ ውባየሁ» ብዬ ጻፍኩ። አቶ ተክለጻድቅ አነበቡት፣ መታወቂያ ቁጥር አልጠየቁም፣ ማኅተም መቱበት።

የካቲት 1

ራቤል ገባሁ። ንፋሱ ከቀየት ይብሳል።

ጠዋት መናኸሪያ ላይ ልብሴን ጣሪያ ላይ አስጫንኩ። አፈሩን ግን እንቢ አልኩ። እትዬ የትምወርቅ ራሳቸው ቁና ሙሉ ሰፍረው፣ በነጭ ሻሽ ሸፍነው፣ እስከ መንገድ ድረስ ተሸክመው አምጥተውልኛል። ግሼ ውስጥ ባቄላ የማያውቅ ብዙ መሬት አለ አሉ። ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ።

ረዳቱ መጣ። ሻሹን ገለጥ አድርጎ አየ።

«ምንድን ነው?»

«አፈር።»

«የማን?»

«የአቶ ውባየሁ።»

ኮፍያውን አወለቀ። «ነፍስ ይማር» አለ። ጫና እንዳይበዛብኝ ብሎ አንዱን ወጣት አስነስቶ ከሾፌሩ ኋላ፣ ንፋስ የማያገኘው ቦታ ላይ አስቀመጠኝ። ለአፈሩ ሂሳብ አልጠየቀኝም። ጎኔ ያሉት ሴትዮ ሻሹን እየዳሰሱ ትንሽ አለቀሱ።

የመቃብር አፈር አለመሆኑን ላስረዳቸው ፈልጌ ነበር። አፌን ከፈትኩ… ከዚያ ተውኩት። ራቤል እስክንደርስ ቁናውን አቅፌ ሄድኩ።